ሪቬራ ወይስ ሆፍማን? ክርክሩ መሆን የነበረበት ከዊልሄልም ጋር ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል፤ እኔም በእርሱ ምክንያት ጨዋታውን መከታተል ጀምሬአለሁ። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ግን መግባባት አልቻልንም። እኔ በታሪክ ታላቁ ተተኪ ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራ ነው እላለሁ። እርሱ ደግሞ ‹ሪቬራ 652 ሴቭ አለው፣ ትሬቨር ሆፍማን 601፤ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። ሁለቱም በአንድ ኢኒንግ ሥራ ቁጥር ያከማቹ ናቸው፤ እውነተኞቹ የድሮዎቹ ነበሩ። በዚያ ላይ ሪቬራ ጨዋታ መክፈት አቅቶት የተገፋ ሰው ነው› ይለኛል። ማናችን ነን ልክ? ልጄስ ‹ጨዋታ ዘጊ መሆን እፈልጋለሁ› ሲለኝ ምን ልመልስለት?»

መልስ፦ ፍርዱን ላስቀድም። ታላቁ ሪቬራ ነው፤ በዚህ እርስዎ ልክ ነዎት። ነገር ግን ባልደረባዎ ከተናገሩት ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፤ እርስዎም ሪቬራን በ652ቱ ሴቭ ብቻ ለመከላከል ከሞከሩ ክርክሩን ይሸነፋሉ፤ መሸነፍም ይገባዎታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሴቭ የሚባለውን ቁጥር ከጠረጴዛው ላይ እናንሣ። ይህን መለኪያ ያመጣው ጄሮም ሆልትስማን የተባለ የቺካጎ ስፖርት ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ሊጉ በ1969 በይፋ ተቀብሎታል። ሕጉ በአጭሩ፣ ተተኪ ወርዋሪ፣ ማለትም ጨዋታውን የከፈተውን ወርዋሪ ተክቶ የሚገባው፣ ቡድኑ እየመራ ገብቶ ጨዋታውን በድል እስከ መጨረሻው ካደረሰ ሴቭ ይመዘገብለታል፤ መሪነቱ ሦስት ነጥብ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱን) መወርወር ይበቃዋል። አሁን አንድ ምሽት ያስቡ። አንዱ ወርዋሪ በስምንተኛው ኢኒንግ፣ ቡድኑ 3 ለ 2 እየመራ፣ ሁለት የተጋጣሚ ሯጮች ቤዝ ላይ (ነጥብ ለማስቆጠር በሚዞሩባቸው ማቆሚያዎች ላይ) ቆመው ሳለ ይገባል። የተጋጣሚን ምርጥ መቺዎች በተከታታይ አስወጥቶ ይወጣል። ቡድኑ ሁለት ነጥብ ይጨምርና 5 ለ 2 ይሆናል። ሌላው ወርዋሪ በዘጠነኛው ገብቶ ሁለት ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ጨዋታው 5 ለ 4 ያልቃል። ሴቩ የሚጻፈው ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሰው ጨዋታውን አድኖ ስሙ እንኳ በዚያ ዝርዝር አይገባም።

ለዚህ ከሪቬራ ራሱ ሕይወት የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1996 የኒውዮርክ ያንኪስ ጨዋታ ዘጊ፣ ማለትም የመጨረሻውን ኢኒንግ የሚይዘው ተተኪ፣ ጆን ዌትላንድ ነበር፤ ሪቬራ ከእርሱ በፊት ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ኢኒንግ የሚይዝ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት 107 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወረወረ፣ 130 መቺዎችን በስትራይክ አውት አሰናበተ፣ በዚያ ሁሉ ውስጥ የተመታበት ሆም ረን (ከሜዳው አልፎ የሚወጣ ምት) አንድ ብቻ ነበር። ለሊጉ ምርጥ ወርዋሪ በሚሰጠው የሳይ ያንግ ሽልማት ድምፅ ሦስተኛ ወጣ። የሴቩ ብዛት ስንት ነበር? አምስት። በእኔ አስተያየት ለቡድኑ ከሰጠው ጥቅም አንጻር ከዚያ የበለጠ ዓመት አልነበረውም፤ ከ40 በላይ ሴቭ ያስመዘገበባቸው ዓመቶች ጭምር ማለቴ ነው።

እንግዲህ ወደ ሆፍማን። እርስዎም ባልደረባዎም 652ን ከ601 ጋር ስታወዳድሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቆማችኋል። ሪቬራ ሴቭ የማግኘት ዕድል ካገኘባቸው 732 ጨዋታዎች 652ቱን ዘጋ፤ ሆፍማን ከ677 ዕድል 601ዱን። በመቶኛ ሲሰላ የመጀመሪያው 89.1፣ የሁለተኛው 88.8 ነው። በዚህ መለኪያ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፦ ምን ያህል ነጥብ ተቆጠረባቸው? በዘጠኝ ኢኒንግ ሲሰላ ሪቬራ 2.21፣ ሆፍማን 2.87። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በሪቬራ 1,283 ኢኒንግ ሲባዛ ግን ወደ 94 ነጥብ ይደርሳል። ሆፍማን የሪቬራን ያህል ቢወረውር ኖሮ ተጋጣሚዎች 94 ተጨማሪ ነጥብ ያስቆጥሩ ነበር ማለት ነው። በተጨማሪም ሪቬራ የወረወረው በአሜሪካን ሊግ ነው፤ እዚያ በወርዋሪው ፋንታ ሁልጊዜ ብርቱ መቺ ይቆም ነበር። ሆፍማን ደግሞ የመጨረሻዎቹን የሳንዲያጎ ዓመቶች ያሳለፈው ከ2004 ጀምሮ በተከፈተውና ለመቺዎች እጅግ አስቸጋሪ በነበረው ስታዲየም ነው።

ለዘመኑና ለስታዲየሙ አስተካክሎ የሚያሰላ መለኪያ አለ፤ የሊጉ አማካይ 100 ይባላል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወርዋሪው የተሻለ ነው። ሆፍማን 141 አለው፤ ለማንም ሰው የሚያኮራ ነው። ሪቬራ 205። ቢያንስ 1,000 ኢኒንግ ከወረወሩ ሰዎች ሁሉ፣ ጨዋታ ከፋቾቹንም ጨምሮ፣ ከፍተኛው ነው። በአጭሩ አማካይ ወርዋሪ ሁለት ነጥብ በሚቆጠርበት ቦታ ሪቬራ አንድ እንኳ አይሞላበትም።

ሁለቱ በ1998ቱ ወርልድ ሲሪስ፣ በዓመቱ የዋንጫ ፍልሚያ፣ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። በሦስተኛው ጨዋታ ሳንዲያጎ 3 ለ 2 እየመራ ሆፍማን በስምንተኛው ኢኒንግ ተጠራ፤ ስኮት ብሮሺየስ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ሳሉ ሆም ረን መታበት። ያንኪስ 5 ለ 4 አሸነፈ፤ የዘጋው ሪቬራ ነበር። ይህን የምነግርዎ ሆፍማንን ለማዋረድ አይደለም። በሕይወቱ በሙሉ በጥሎ ማለፍና በወርልድ ሲሪስ የወረወረው 13 ኢኒንግ ብቻ ነው፤ በ13 ኢኒንግ ማንንም መፍረድ አይገባም።

አሁን የባልደረባዎ ጠንካራ ነጥብ ላይ ደርሰናል፦ የድሮዎቹ። እዚህ ላይ በትዕግሥት ያዳምጧቸው።

ጉስ ጎሴጅ በ1975 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ በተተኪነት 141 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወረወረ። የዛሬ ጨዋታ ዘጊ ይህን ለመሙላት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። በ1978 ያንኪስና ቦስተን ሬድ ሶክስ ምድቡን እኩል ጨርሰው አንድ ጨዋታ እንዲለያቸው ሲወሰን፣ ጎሴጅ የገባው በሰባተኛው ኢኒንግ ነው። በስምንተኛው ሁለት ነጥብ ተቆጠረበት። በዘጠነኛው፣ 5 ለ 4 እየመሩ፣ እኩል የሚያደርገው ሯጭ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ ካርል ያስትረምስኪን ወደ ሰማይ አስመትቶ ጨረሰ። ያ ሰው ዛሬ ሦስት ወርዋሪ የሚካፈለውን ሥራ ብቻውን ሠራ። ጎሴጅ ራሱ የዛሬዎቹን ከእርሱ ትውልድ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም እያለ በአደባባይ ሲከራከር ኖሯል፤ ስለ ድካሙ የሚለው ሐሰት የለበትም። ግን ሂሳቡ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ጎሴጅ በሥራ ዘመኑ 1,809 ኢኒንግ ወረወረ ሲባል በ1976 ጨዋታ ከፋች ሆኖ የሠራው ዓመት አብሮ አለበት፤ 29 ጨዋታ ከፍቶ 17 ተሸንፏል። ሁለተኛ፣ በዚያ 100 አማካይ በሆነበት መለኪያ የእርሱ ቁጥር 126 ነው። ብዙ መሥራት ትልቅ ነገር ነው፤ ከ126 እስከ 205 ያለውን ገደል ግን አይሞላም።

ሮሊ ፊንገርስና ብሩስ ሳተርም የሚነገርላቸው አያጡም፤ ሳተር የጣቱን መክፈቻ አስፍቶ የሚወረውረውን፣ መቺው ጋ ሲደርስ የምትሰምጠውን ኳስ ያስፋፋ ሰው ነው። ሁለቱም የምርጦች ስም በሚከበርበት የቤዝቦል ዝና አዳራሽ አሉ። በአንደኝነት ክርክር ግን አላስገባቸውም። ቢሊ ዋግነርም እንደዚሁ፦ በዘጠኝ ኢኒንግ ወደ 12 የሚጠጋ ስትራይክ አውት፣ 2.31 አማካይ፣ ግን 903 ኢኒንግ ብቻ።

ዴኒስ ኤከርስሊ የሚመጣው በአንድ ዓመት ነው። በ1990 ለኦክላንድ 73 ኢኒንግ ወረወረ፤ የተመታበት 41፣ ነጻ ማለፊያ የሰጠው 4። ደምሩት፤ 45። የሴቩ ብዛት 48 ነው። በዓመቱ ውስጥ በምት ወይም በነጻ ማለፊያ ቤዝ ከደረሱበት ሰዎች የዘጋቸው ጨዋታዎች ይበልጣሉ! እንዲህ ያለ ነገር አንብቦ አፍ የማይዝ ሰው ቤዝቦል አይወድም። ዛሬ የምናውቀውን የአንድ ኢኒንግ ጨዋታ ዘጊነት ያጸናውም አሠልጣኙ ቶኒ ላሩሳ በእርሱ ላይ ነው። ነገር ግን ኤከርስሊ የሥራ ዘመኑን ግማሽ ያሳለፈው በጨዋታ ከፋችነት ስለሆነ በተተኪነት ብቻ ሲመዘን ያጥራል፤ በ1988 ወርልድ ሲሪስም በሁለት አውት፣ በእግር ሕመም በሚያነክሰው ኪርክ ጊብሰን የተመታበት ሆም ረን እስከ ዛሬ ይታያል።

ባልደረባዎ ብልህ ከሆኑ ግን የሚጠሩት ጎሴጅንም ኤከርስሊንም አይደለም። ሆይት ዊልሄልምን ነው።

ዊልሄልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየም አካባቢ በተካሄደው ከባድ የክረምት ውጊያ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ነበር። ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ1952 ነው፤ ያኔ 29 ዓመቱ ነበር፤ ብዙዎች ሊወጡ በሚያስቡበት ዕድሜ ማለት ነው። የወጣው ግን 50 ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በ1,070 ጨዋታዎች 2,254 ኢኒንግ፣ 2.52 አማካይ፣ በዚያ መለኪያ 147። ከ1964 እስከ 1968፣ ከ40 ዓመቱ በኋላ፣ አምስት ዓመት በተከታታይ አማካዩ ከ2.00 በታች ነበር። ከተተኪ ወርዋሪዎች መጀመሪያ ወደ ዝና አዳራሽ የገባውም እርሱ ነው፣ በ1985።

መሣሪያው የጣት አንጓ ኳስ ነበረች፤ ሳትሽከረከር የምትንሳፈፍ፣ የት እንደምትዞር ወርዋሪው ራሱ የማያውቃት ኳስ። ችግሩም እዚያው ነው። ተቀባዩ ሊይዛት አይችልም። በባልቲሞር ሳለ አሠልጣኙ ፖል ሪቻርድስ በ1960 ለዚህች ኳስ ብቻ ግዙፍ የተቀባይ ጓንት አሠራ። አሁን ጥንቃቄ ያሻል፦ ተቀባዩ ኳስ አምልጦት ሯጭ አንድ ቤዝ ሲሻገር፣ በዚያም ነጥብ ሲቆጠር፣ ነጥቡ በወርዋሪው አማካይ ውስጥ አይገባም። 2.52 የሚለው ቁጥር እንግዲህ የዊልሄልምን ኳስ ዋጋ ሙሉ በሙሉ አያሳይም፤ ቡድኑ ከዚያ በላይ ከፍሏል። በተጨማሪም ከኢኒንጎቹ ውስጥ ጨዋታ ከፋች ሆኖ የወረወራቸው አሉ፤ 52 ጨዋታ ከፍቷል፤ ከእነርሱም አንዱ በ1958 ያንኪስን አንድ ምት ሳይሰጥ ያሸነፈበት ነው።

እነዚህን ሁሉ ቀንሼም ዊልሄልም ለእኔ ሁለተኛ ነው፤ ልዩነቱም ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ወደ 970 ኢኒንግ ብልጫ ቀላል ነገር አይደለም። አንደኛነቱን ለሪቬራ የምሰጠው በመጨረሻው ሚዛን ምክንያት ነው፦ ጥቅምት፣ ወሳኞቹ ጨዋታዎች የሚካሄዱበት ወር።

በጥሎ ማለፍና በወርልድ ሲሪስ ሪቬራ 96 ጨዋታ ገብቶ 141 ኢኒንግ ወረወረ። ሁለቱን ቁጥሮች ያካፍሉ፤ በአንድ ጨዋታ ወደ አንድ ኢኒንግ ተኩል ይመጣል። «የአንድ ኢኒንግ ሰው» የሚለው ክስ በመደበኛው ውድድር እውነት ነው፤ ነገሩ በከረረበት ወር ግን አሠልጣኙ ጆ ቶሬ በስምንተኛው ኢኒንግ ነበር የሚጠራው። በዚያ 141 ኢኒንግ በአማካዩ የሚታሰብበት 11 ነጥብ ብቻ ነው፤ አማካይ 0.70። ሆም ረን ሁለት፦ ሳንዲ አሎማር በ1997፣ ጄይ ፔይተን በ2000። የሚገጥሙት ደግሞ ደካማ ቡድኖች ሳይሆኑ የተጣሩት ምርጦች ነበሩ። ከዚህ የሚወዳደር መዝገብ የለም።

መዝገቡ ላይ ጥቁር ነጥብ የለም ለማለት አይደለም፤ እኔ እንዲያውም ሪቬራን በደንብ የተረዳሁት በሽንፈቱ ነው። የ2001 ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ፊኒክስ፣ አሪዞና። ያንኪስ 2 ለ 1 እየመራ በስምንተኛው ገብቶ ሦስት መቺዎችን በስትራይክ አውት አሰናበተ። በዘጠነኛው ማርክ ግሬስ መታ። ቀጣዩ መቺ ኳሷን በቀስታ ወደ መሬት ሲያወርዳት ሪቬራ አንሥቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ወረወረ፤ ሳተ። በኋላ ቶኒ ዎማክ መትቶ ጨዋታውን እኩል አደረገ፤ ክሬግ ካውንሴል በኳስ ተመታ፤ ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ቶሬ የውስጥ ተከላካዮቹን ወደፊት አስጠጋቸው፤ ነጥቡን ቤዝ ላይ ለማስቀረት። ሉዊስ ጎንዛሌዝ የመታት ኳስ ደካማ ነበረች፤ በተለመደው ቦታ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዴሬክ ጂተር ሳይቸገር ይይዛት ነበር። ከራሱ በላይ አልፋ ወደቀች። አሪዞና 3 ለ 2 አሸነፈ። የሪቬራ ኳስ እንደ ሁልጊዜዋ ሠርታለች፤ ዱላው መሐል አልመታትም፤ ያሸነፈው ግን ሌላ ነው። በ2004 በቦስተን የደረሰበትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ አንድ ነጻ ማለፊያ፣ የዴቭ ሮበርትስ የቤዝ ስርቆት፣ አንድ ምት። በዓመቶቹ ሁሉ ሰው የሚያስታውስበት ሽንፈት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሥራው ግን በየዓመቱ ነበር።

ያቺ ኳስ ከተር ትባላለች። የሚይዛት እንደ ተራ ፈጣን ኳስ ነው፤ ሲለቅ መሐል ጣቱ ትንሽ ይጫናታል፤ ቀጥ ብላ ትመጣና ዱላው ጋ ስትደርስ በግራ በኩል ወደሚመታው መቺ እጅ ትታጠፋለች። ቀጭኑን የዱላ ክፍል ታገኘዋለች፤ ዱላው ይሰበራል። የሚገርመው መቺዎቹ ሁሉ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ሌላ የሚወረውረው ብዙም የለውምና። በ2013፣ ሊሰናበት ሲል፣ የሚኔሶታ ቡድን በተሰበሩ ዱላዎች የተሠራ ወንበር ሸለመው።

«ጨዋታ መክፈት አቅቶት የተገፋ» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። በ1995 አሥር ጨዋታ ከፈተ፤ የዓመቱ አማካዩ 5.51 ነበር፤ መጥፎ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን በቺካጎ ስምንት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወርውሮ 11 መቺ አሰናብቷል። ዘለቄታ ቢሰጠው ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም አያውቅም። ጥሩ ጨዋታ ከፋች ከጥሩ ተተኪ ይበልጣል የሚለው ግን ትክክል ነው፤ በዓመት 200 ኢኒንግ ከ70 ይበልጣልና። ጥያቄያችሁ ግን ታላቁ ወርዋሪ ማን ነው የሚል አልነበረም። በ2019 የዝና አዳራሹ መራጮች 425ቱም ሪቬራን መረጡ፤ ከእርሱ በፊት አንድም ሰው ሙሉ ድምፅ አግኝቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ለዊሊ ሜይስና ለሃንክ አሮን የተነፈገ ክብር ነው፤ ያ የመራጮቹ ነውር እንጂ የሪቬራ ጥፋት አይደለም።

ስለ ልጅዎ። በ12 ዓመቱ ጨዋታ ዘጊ የሚባል ሥራ የለም፤ እንዲኖርም አይፍቀዱ። ሪቬራ በፓናማ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ሆኖ ይጫወት ነበር። ሆፍማንም ሲንሲናቲ በ1989 የመረጠው በሾርትስቶፕነት ነው፤ ወርዋሪ የሆነው በኋላ ነው። ኤከርስሊ ጨዋታ ከፋች ነበር። ልጅዎ ሁሉንም ቦታ ይጫወት፣ ይምታ፣ ይሩጥ። ሲወረውር ቁጥሩን እርስዎ ራስዎ ይያዙ፦ የሊትል ሊግ ሕግ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጆች በቀን ከ85 ኳስ በላይ አይፈቅድም፤ 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። አሠልጣኙ ቢረሳ እርስዎ አይርሱ። ከተርን ለጊዜው ይተወው። የሚቀዳው ሰው ከፈለገ ሆፍማንን ያሳዩት፦ ትከሻው ተጎድቶ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ኳሷን መዳፉ ውስጥ ገባ አድርጎ ይዞ፣ ክንዱን እንደ ፈጣን ኳስ እያወናጨፈ ቀስ ያለች ኳስ የሚልክ ሰው ሆነ፤ በዚያች ኳስ ነው 601 የደረሰው። ክንድ ላይ የምታሳድረው ጫና ያነሰ ነው፤ ከፈጣን ኳስ ቀጥሎ ለልጆች የምትመከረውም እርሷ ናት።